ጥቆማ፦ ቀለማቸው የለቀቀ የድሮ የለስላሳ ጠርሙሶችን አዳማ ውስጥ ማን ይለይልኛል?

ሳጥኑ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ፖስታ ቤት አካባቢ ሻይ ቤት ነበራቸው። ጓዳው ሲጸዳ አንድ የእንጨት ሳጥን ሙሉ የድሮ የለስላሳ ጠርሙስ ወጣ። ኮካዎቹ ከቅርጻቸው ይታወቃሉ። የቀሩት ግን ጽሑፋቸው ተልጦ ነጭ ጭረት ብቻ ነው የሚታየው፤ ፔፕሲ ይሁን ሚሪንዳ መለየት አልቻልኩም። ልሸጣቸው አይደለም፣ የአያቴ ማስታወሻ ናቸው፤ ለይቼና አጽድቼ ቤት ውስጥ መደርደር ነው የምፈልገው። የሰማኋቸው አማራጮች፦ መናኸሪያ በኩል ያለው የአሮጌ ዕቃ ሱቅ፣ አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ፣ ወይም ቴሌግራም ላይ ያሉ ሰብሳቢዎች። የቱ ይሻላል? የቀረውን ቀለም ሳይጎዳ የሚያጥብ ሰው የምታውቁም ጠቁሙኝ።

የፍራንኮ ልጅ፦
ብቻ ለቆራሌው እንዳትሰጥ። እሱ ጠርሙስ በቁጥር ነው የሚያየው፤ የትኛው ድሮ የትኛው አሁን እንደሆነ ግድ የለውም።

እናት ጓዳ፦
ለአዋዜና ለማር ከሆነ የለስላሳ ጠርሙስ አይሆንም ልጄ፣ አፉ ጠባብ ነው፤ ማንኪያ አይገባውም። ገበያ ውስጥ ክዳን ያለው ሰፊ ብልቃጥ ሞልቷል።

የቦኩ እህት፦
እባክህ ያ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ጋ አትሂድ። የአባቴን የሰቨን አፕ ጠርሙስ «አድስልሻለሁ» ብሎ ተቀብሎኝ በሚረጭ ቀለም ቀብቶ መለሰልኝ። የተሸራረፈችው የድሮ ጽሑፍ ከሥር ተቀበረች፤ ከላይ የጻፈው ፊደል ደግሞ ከድሮው ጋር አይገናኝም። ገንዘቡን ሙሉ ነው የተቀበለኝ። ስናገረው «አበራሁልሽ እኮ» አለኝ። እስከ ዛሬ ጠርሙሱን ባየሁ ቁጥር ያበሳጨኛል።

የጋሼ ደንበኛ፦
የሰው ስም ማጥፋት ጥሩ አይደለም። ጋሼን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። የእናቴን ረከቦት ያደሱልን እሳቸው ናቸው፣ ዛሬም እንዳማረበት አለ። ሌላ ሱቅ አትፈልግ።

የቦኩ እህት፦
ረከቦት እንጨት ነው! ጠርሙስ ነው የተጠየቀው። ፎቶውን ከፈለግክ ልላክልህ።

የጋሼ ደንበኛ፦
ፎቶ አያስፈልገኝም። ሰውየውን አውቃቸዋለሁ።

ቀበሌ 08፦
ለባዶ ጠርሙስ እንዲህ ከተጣላችሁ፣ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ልንልክ ነበር ማለት ነው!

ቆርኪ ሰብሳቢ፦
ወንድሜ ሳጥኑ፣ መጀመሪያ የትም አትውሰዳቸው። አብዛኛውን ቤትህ ቁጭ ብለህ ትለየዋለህ።

ጽሑፉ ግድግዳ እንደሚቀባው ዓይነት ቀለም አይደለም። የተፈጨ መስታወት ከማቅለሚያ ጋር ተደባልቆ ይታተምበትና ምድጃ ገብቶ ከጠርሙሱ ጋር ይዋሃዳል። አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ከ1930ዎቹ ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት የመጠጡ ስም ከመስታወቱ ጋር አብሮ ተቀርጾ፣ በእጅ ሲዳሰስ የሚታወቅ ሆኖ ነበር የሚወጣው። ቀለሙን የሚጨርሰው ጠርሙሱ ወደ ፋብሪካ ተመልሶ በኮስቲክ ሶዳ በታጠበ ቁጥር፣ ሳጥን ውስጥም ከጎረቤቱ ጋር ሲፋተግ ነው። ስለዚህ በጣም የተላጠው ብዙ ጊዜ የተጠጣበት ነው፤ እኔ በበኩሌ ከአዲሱ አስበልጬ ነው የምወደው።

ደግነቱ ቀለሙ ቢሄድም መስታወቱ ላይ ዱካ ይተዋል። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቁር ጨርቅ ክተት፣ ክፍሉን አጨልም፣ የስልክህን መብራት ከጎን አስተኝተህ አብራበት። ወይም በትንፋሽህ ሃ በልበት፤ ጭጋጉ ሳይጠፋ ፊደሉ ብቅ ይላል።

ዘመኑን ለመለየት (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)፦ ወገቡ የገባው የኮካ ጠርሙስ ንድፉ የ1915 ነው፤ በነጭ የታተመ ጽሑፍ የመጣበት ግን በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ኮካ አዲስ አበባ ውስጥ መሞላት የጀመረው በ1959 ነው፣ ድሬዳዋ በ1965። አማርኛ ያለበት ካገኘህ ከዚያ ወዲህ ብለህ ጀምር። ፔፕሲ ዓርማው ላይ «ኮላ» የሚለውን የተወው በ1962 ነው። ከታች ተረከዙ ላይ ያሉትን ምልክቶችና ቁጥሮችም ገልብጠህ ጻፋቸው፤ የጠርሙስ ፋብሪካው ምልክት እዚያ ነው ያለው፣ አንዳንዱ ዓመቱንም ይጽፋል።

እጥበቱን ለማንም አትስጥ። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። በረኪናና የድስት ሽቦ አጠገቡ አይድረስ። ውስጡ ነጭ ዝቃጭ ከያዘ ኮምጣጤና ጥሬ ሩዝ ጨምረህ ነቅንቀው።

የቦኩ እህት፣ ያንቺም የሚድን ይመስለኛል። በምድጃ የተጋገረውን ጽሑፍ አሴቶን አይነካውም፤ የሚረጨውን ቀለም ግን ያነሳዋል። የጥፍር ቀለም የምታስለቅቂበትን በጥጥ አድርገሽ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ሞክሪው።

የቦኩ እህት፦
እግዚአብሔር ይስጥህ! ዛሬ ማታውኑ እሞክረዋለሁ።

ሞጆ መስመር፦
ምናለሽ ተራ ሄጄ አውቃለሁ። ጠርሙስ ሞልቷል፣ ጠርሙስ የሚያውቅ ግን እንጃ። ሻጮቹ ዋጋ እንጂ ዘመን አይነግሩህም። አመሳስለህ ለመግዛት ይሆናል፤ ለማስለየት ብለህ ግን ሳጥን ተሸክመህ አትድከም። ደግሞ መንገድ ላይ ይሰበራል።

የፍራንኮ ልጅ፦
ቴሌግራም ላይ ያሉት ደግሞ ገና ፎቶ ስትልክ «ስንት ትላለህ» ነው የሚሉህ። ዋጋ ያለውን መርጠው ወስደው የቀረውን ይተዉልሃል።

ሳጥኑ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትንፋሹን ሞከርኩት፣ ይሠራል! አንዱ ላይ «ሪን» የሚል በግልጽ አነበብኩ፤ ሚሪንዳ መሆን አለበት። ሌላው ላይ ክብ ነገር ብቻ ነው የሚታየው። ተረከዙ ላይ ያሉትን ቁጥሮች ፎቶ አንስቼ ላምጣ?

ቆርኪ ሰብሳቢ፦
አምጣ እንጂ! በቀን ብርሃን አንሳው፣ ፍላሽ አትጠቀም። ክቡ የፔፕሲ ዓርማ ሊሆን ይችላል፤ መሃሉ ላይ ማዕበል የመሰለ መስመር ካለ እሱ ነው።

የጋሼ ደንበኛ፦
ለማንኛውም ጋሼን አንድ ጊዜ ጠይቃቸው። ከእሳቸው የተሻለ አዳማ ውስጥ የለም።

እናት ጓዳ፦
ልጄ፣ ኮምጣጤው የትኛው ነው? ነጩ ነው ቀዩ?

ሞጆ መስመር፦
ሰዎች፣ ሁላችሁም ስለ ጠርሙሱ ብቻ ነው የምታወሩት። የእንጨቱ ሳጥን ላይ ጽሑፍ አለው? ካለው ሳጥኑን ትሸጥልኛለህ?