የባሕር ዛፍ ዘይታችን ተመርምሮ 99.6 በመቶ ወጣ፤ ገዥው ግን «ባዕድ ነገር አለበት» ብሎ መለሰብን። ማንን እንመን?

ጠያቂ፦ የጎዛምን እህት

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ግራ የገባኝ ነገር አለ፣ የምታውቁ እርዱኝ።

ደብረ ማርቆስ አጠገብ 11 ሴቶች ሆነን የነጭ ባሕር ዛፍ ዘይት እናወጣለን። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። ቅጠሉ በርሜል ውስጥ ይታጨቃል፣ ከሥር እንፋሎት ይሰደድበታል፣ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ ይቀዘቅዛል፣ ዘይቱ ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል። እሱን ቀድተን እንሸጣለን።

አዲስ አበባ ያለ ገዥ 20 ሊትር ወስዶ መለሰብን። «የምግብ ዘይት ቀላቅላችሁበታል» አለ። በእመቤቴ፣ ጠብታ አልቀላቀልንም! የአንዷ አባላችን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስለሚማር ከዚያው ዘይት ወስዶ ጂሲ-ኤምኤስ በሚሉት መሣሪያ አስመረመረልን። ወረቀቱ ሲኒዮል (የባሕር ዛፍ ዘይት ዋናው ነገር እሱ ነው አሉን) 64.2፣ አልፋ-ፒኒን 17.5፣ ሊሞኒን 5.1 እያለ ይወርድና ድምሩ 99.6 በመቶ ይሆናል። የምግብ ዘይት የሚል የለበትም። ሰውየው ይህን አይቶም አላምንም አለ። ጭራሽ ሲኒዮሉ 70 ይሙላ፣ ኦርጋኒክ መሆኑና መድኃኒትነቱም በላብራቶሪ ይረጋገጥልኝ ብሎ ጨመረ።

ማሽኑ ነው የተሳሳተው ወይስ ሰውየው? ደግሞስ ይሄን ሁሉ ላብራቶሪ ማወቅ ይችላል? ለሌላ ምርመራ የምናወጣው ብር ከሴቶቹ ኪስ ስለሆነ ሳንጠይቅ መሄድ ፈራን።

አባይ ማዶ

እህቴ፣ ሰውየው ዋጋ ሊያስቀንስ ነው። 99.6 ካለ 99.6 ነው። ሌላ ገዥ ፈልጉ።

ኬሚስቷ፣ ባሕር ዳር

አባይ ማዶ፣ አትቸኩል ወንድሜ። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። እኔ ይሄን መሣሪያ ለብዙ ጊዜ ስለሠራሁበት እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ከዘይታችሁ ከጠብታ በጣም ያነሰ ይወሰድና 250 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ አፍ ውስጥ ይወጋል። እዚያ ወዲያው ይተናል። የተነነው 30 ሜትር ያህል በሚረዝም፣ ውስጡ ከፀጉር ብዙም በማይሰፋ ቱቦ ውስጥ በጋዝ እየተገፋ ይሄዳል። ቀላሉ ቀድሞ ይወጣል፣ ከባዱ ይዘገያል። እያንዳንዱ ሲወጣ ወረቀቱ ላይ አንድ ጉብታ ይሠራል። ኤምኤስ የሚባለው ክፍል ደግሞ የወጣውን ሰባብሮ ስብርባሪውን ከመዝገቡ ጋር ያመሳስልና «ይሄ ሲኒዮል ነው፣ ይሄ ሊሞኒን ነው» ይላል።

እንግዲህ ልብ በይ። የምግብ ዘይት በዚያ ሙቀት አይተንም። እንደ ድስት ቅባት እዚያው አፉ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ቱቦውን አያልፍም፣ ጉብታም አይሠራም። ማሽኑ መቶውን የሚያካፍለው ለደረሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ዘይታችሁ ውስጥ 20 በመቶ የኑግ ዘይት ቢኖርበት እንኳ ወረቀቱ ያንኑ 64.2 እና ያንኑ 99.6 ሊያሳይ ይችላል። ማሽኑ አልዋሸም። ያልተጠየቀውን አልመለሰም እንጂ።

የማይተን ነገር መኖሩን የሚያሳየው ሌላ ምርመራ ነው፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ዘይቱን መዝኖ በሙቀት ማትነን፣ ከዚያ የቀረውን እንደገና መመዘን። ንጹህ የባሕር ዛፍ ዘይት ይህ ነው የሚባል ነገር አይተውም። ክብደቱን፣ ብርሃን የሚሰብርበትን መጠንና በአልኮል መሟሟቱንም አብራችሁ አስለኩ። በአውሮፓ የመድኃኒት መጽሐፍ ለባሕር ዛፍ ዘይት የተቀመጠው አንጻራዊ ክብደት (ከእኩል መጠን ውሃ ጋር ሲነጻጸር ማለት ነው) ከ0.906 እስከ 0.927፣ የብርሃን ስብራቱ ከ1.458 እስከ 1.470 ነው። ከዚህ ርቆ ከወጣ መጠርጠር ነው።

70 በመቶው ሲኒዮልም ከዚያው መጽሐፍ የመጣ ነው። እሱ ለመድኃኒት የሚሆነው ዘይት ነው፣ ብዙ ጊዜ እንደገና ተጣርቶ የሚደረስበት። ከበርሜል እንደወጣ 64 መሆን ነውር አይደለም። ገዥው ጥሬ ዘይት ነው ወይስ የተጣራ የሚፈልገው? መጀመሪያ እሱን ጠይቁት።

ሳሙና ሠሪው፣ ፍኖተ ሰላም

እኔ ከእንዲህ ዓይነት ዘይት ስለምገዛ የማደርገውን ልንገርሽ እህቴ። ላብራቶሪ ከመሄድሽ በፊት ቤትሽ አድርጊው።

ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣይና እስከ ማግስቱ ተይው። የባሕር ዛፍ ዘይት በኖ ይጠፋል። የምግብ ዘይት ካለበት ወረቀቱን ወደ ብርሃን ስታነሺው የሚያሳልፍ የቅባት ክብ ይቀራል፣ ልክ ፓስቲ የተጠቀለለበት ወረቀት እንደሚሆነው።

ሁለተኛ፣ ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ግዢ። አንድ እጅ ዘይት በአምስት እጅ አልኮል ብርጭቆ ውስጥ ጨምረሽ ነቅንቂው። ጥርት ካለ ጥሩ ነው። ወተት ከመሰለ ወይም ቅባት ከሥር ከተኛ ጠርጥሪ። ግን ሲኒዮሉ አነስ ያለ ጥሬ ዘይትም ትንሽ ሊደፈርስ ስለሚችል በዚህ ብቻ ማንንም ሌባ አትበዪ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በምንድን ነው የምታስቀምጡት? በቢጫው ጀሪካን እንዳትዪኝ!

የጎዛምን እህት

ኧረ በቢጫው ጀሪካን ነው ወንድሜ። ከሱቅ ባዶውን እየገዛን፣ በኦሞ አጥበን። የፊቱን ዙር ብቻ በጠርሙስ ነበር ያስቀመጥን፣ ለምርመራም የሄደው ከጀሪካኑ ነው።

ቆዩኝ፣ ጠብታውን አሁኑኑ እሞክረዋለሁ።

ሳሙና ሠሪው፣ ፍኖተ ሰላም

በቃ፣ ተገኘ። ያ ጀሪካን የምግብ ዘይት የመጣበት ነው። የፕላስቲኩ ግድግዳና የክዳኑ ጥርስ ውስጥ የገባ ቅባት በኦሞ አይለቅም። የባሕር ዛፍ ዘይት ደግሞ ቅባት አሟሚ ነው፣ ማስቲካና ሬንጅ ከልብስ የሚያስለቅቅ ነገር ነው እኮ። ከጀሪካኑ ቅባቱን ጠርጎ ይወስዳል፣ ሲቆይ ፕላስቲኩንም ያለሰልሰዋል። በጥቁር ጠርሙስ ወይም በማይዝግ ብረት ዕቃ አስቀምጡ። እስከ አፉ ሙሉት፣ አየር አይተርፍበት፣ ፀሐይ አያግኘው።

የግብርናው ሰው፣ እንጅባራ

ልጄ፣ እኔ ደግሞ ስለ ቅጠሉ ልናገር። 30 ዓመት ከዛፍ ጋር ነው የኖርኩት።

«ነጭ ባሕር ዛፍ» ብለሻል። እርግጠኛ ነሽ? ደጋው ላይ ነጩ ይበዛል፣ ወደ መራዊና ቆጋ ወረድ ስትዪ ቀዩ ነው የሞላው። ቅጠል ለቃሚ ልጆች በኪሎ ስለሚከፈላቸው ያገኙትን ይቆርጣሉ። የቀዩ ዘይት ሲኒዮሉ ከዛፍ ዛፍ በጣም ይለያያል። የሽቶ ባሕር ዛፍ ከተቀላቀለ ደግሞ ሲትሮኔላል የሚባል ነገር ይዞ ይመጣል፣ ይሄኛውን ያ ማሽን በደንብ ያሳያል። ወረቀትሽ ላይ ካለ ተመልከቺ።

ሌላው ናሙና አወሳሰድ ነው። ቅቤ ስንገዛ ከላይ ቀምሰን ብቻ እንገዛለን? እንጨት ሰደን ከሆዱ እናወጣለን እንጂ። ዘይትም እንዲያው ነው። ላብራቶሪው የሚያውቀው የላካችሁለትን ብልቃጥ ብቻ ነው። የጥቅምቱ ወረቀት ለሚያዝያው ዘይት አይመሰክርም። እያንዳንዱን ዙር ለብቻ አድርጉ፤ ቀኑን፣ ቅጠሉ የተቆረጠበትን ቀበሌ፣ ስንት ሰዓት እንዳፈላችሁት ጻፉበት። ከየዙሩም ትንሽ ብልቃጥ አስቀሩ። ነገ ገዥ ቢከራከራችሁ የሚያስታርቃችሁ እሱ ነው።

የአፈላሉ ሰዓት የሚባለው ዝም ብሎ አይደለም፣ ኬሚስቷ ታርመኝ እንጂ ሲኒዮሉ በብዛት ቀድሞ ነው የሚወጣው፣ ከባድ ከባዱ ኋላ ይመጣል።

ኬሚስቷ፣ ባሕር ዳር

ትክክል ነዎት ጋሼ። ረጅም ማፍላት ዘይቱን ትንሽ ይጨምራል፣ የሲኒዮሉን ድርሻ ግን ዝቅ ያደርገዋል። እየለያችሁ ብታወጡና ብታስመረምሩ ይታያችኋል።

የጎዛምን እህት

ሞከርኩት። ከጠርሙሱ የጣልኩት ጠብታ ማታውን ጠፋ፣ ጠዋት ወረቀቱ ጠረኑ ብቻ ነው ያለው። ከሁለቱ ጀሪካን የጣልኩት ግን ክቡ እስካሁን አለ። በመስኮት ሳነሳው ያሳልፋል። እናቴ አይታው ዝም አለች። ሰውየውን ስንሰድበው ነበር የሰነበትነው፣ ለካ እውነቱን ነው። ዛሬውኑ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

የኦርጋኒኩና የመድኃኒቱስ?

ኬሚስቷ፣ ባሕር ዳር

በመደወልሽ ጎበዝ። ኦርጋኒክ የሚለውን ላብራቶሪ ብቻውን አይሰጥም። የእርሻ አያያዝ ነው፣ ሰው መጥቶ መሬቱንና መዝገቡን አይቶ ነው የሚመሰክረው። የፀረ-ተባይ ቅሪት ራሱን የቻለ ምርመራ አለው፣ ያም «በዚህ ናሙና ውስጥ ከፈለግናቸው ኬሚካሎች ይሄን አላገኘንም» ነው የሚለው። ተራው ጂሲ-ኤምኤስ እሱን አይፈልግም።

የዳንግላዋ

ሳላቋርጣችሁ እኔም ልጠይቅ። ከውጭ የመጣ የላቬንደር ዘይት በውድ ገዝቻለሁ። ጠርሙሱ ላይ «ቴራፒዩቲክ ግሬድ»፣ ለሕክምና የሚሆን ደረጃ እንደማለት፣ ይላል። ይሄ በላብራቶሪ የሚሰጥ ደረጃ ነው? ሰው ሠራሽ መሆን አለመሆኑስ ይታወቃል?

ኬሚስቷ፣ ባሕር ዳር

እንደሱ የሚባል ደረጃ የሚሰጥ ገለልተኛ አካል የለም እህቴ። ሻጮች የሚጽፉት ቃል ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለላቬንደር ዘይት ደረጃ አለው፣ እሱ የሚለካው ውስጡ ያለውን እንጂ ፈዋሽነቱን አይደለም።

ሰው ሠራሽ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይታወቃል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ሊናሎልን ውሰጂ፤ የላቬንደርም የኛው ኮሰረትም ዋና ሽታ እሱ ነው። ሊናሎል እንደ ቀኝና ግራ እጅ ሁለት መልክ አለው። ላቬንደር በአብዛኛው አንደኛውን ብቻ ይሠራል፣ ፋብሪካ የሚሠራው ግን ብዙውን ጊዜ እኩል በእኩል ነው። ተራው መሣሪያ ሁለቱን አንድ ጉብታ አድርጎ ያያቸዋል። ግራና ቀኝ የሚለይ ልዩ ቱቦ ሲገባበት ግን ይጋለጣል። የባሕር ዛፉ ሲኒዮል ደግሞ ግራና ቀኝ የሌለው ነው፣ ስለዚህ አንድ ሰው የተገዛ ሲኒዮል ጨምሮ 64ቱን 70 ቢያደርገው ሲኒዮሉን ብቻ አይቶ መያዝ ከባድ ነው። በዙሪያው ያሉትን ትንንሾቹን፣ እነ ፒኒንን ማየት ያስፈልጋል።

ካርቦን 14 የሚባለው ምርመራም አለ። ከነዳጅ የተሠራ ነገር ካርቦን 14 የለውም፣ ከትኩስ ተክል የመጣ አለው። ግን ከጥድ ሙጫ ዘይት ተነስቶ ፋብሪካ የሠራውን አይለይም፣ ጥድም ተክል ነውና። በዚያ ላይ ውድ ነው፣ ለእናንተ አይመከርም።

ነርሷ፣ ቡሬ

የመድኃኒቱን እኔ ልመልስ፣ ያሳስበኛልና። ወረቀቱ ሲኒዮል 64 ነው ሲል ጉንፋን ያድናል ማለቱ አይደለም። ያ በሰው ላይ በሚደረግ ጥናት ነው የሚታወቀው። ቅጠሉን አፍልቶ መታጠን የቆየ ልማዳችን ነው፣ በእሱ አልጣላም። ከቅጠሉ ተለይቶ የወጣው ዘይት ግን፣ ጥሬም ይሁን የተጣራ፣ ሌላ ነገር ነው። ሕፃን ልጅ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢውጠው እንኳ ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው ይችላል። ጨቅላ ልጅ አፍንጫና ፊት ላይ መቀባትም አተነፋፈሱን ሊያውክ ይችላል። «ንጹህ ነው» የሚል ወረቀት ይህን አደጋ አይቀንሰውም፣ ንጹሁ ራሱ ነው የሚጎዳው። እባካችሁ ስትሸጡ «አይጠጣም፣ ከልጆች ይራቅ» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት። ልጅ ከጠጣም ለማስታወክ አትታገሉ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ።

የጎዛምን እህት

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ቡና ላይ ተሰብስበን ያላችሁትን አነበብኩላቸው። የጀሪካኑን ዘይት ለሽያጭ አናወጣውም፣ እንደገና በእንፋሎት እናሳልፈዋለን፤ ቅባቱ ከሥር መቅረት አለበት መሰለኝ፣ ተሳስቼ ከሆነ ንገሩኝ። ጠርሙስ የምትሸጥ ሴት ማርቆስ ገበያ አግኝተናል። ገዥው ጥሬ ዘይትም ይበቃኛል ብሏል፣ የማይተን ቅሪቱና ክብደቱ ተለክቶ እንዲመጣለት ብቻ ነው የጠየቀ።

ኬሚስቷ፣ ባሕር ዳር

አልተሳሳትሽም፣ ቅባቱ አይተንም፣ ከሥር ይቀራል። በርሜሉን ግን በኋላ በደንብ እጠቡት። ከላይ የወጣውንም ወረቀት ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሳታዩ ጠርሙስ እንዳትሞሉ።