ያገለገለ የኤቲቪ ሾክ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። ያማሃ ራፕተር 700 ኤቲቪ (ባለ አራት ጎማ ሞተር) አለኝ፤ ካሊፎርኒያ ተሻግሬ ዱሞንት ዱንስ አሸዋ ላይ እነዳዋለሁ። የፊት ሾኮቹ (አሞርዛተሮቹ) ደክመዋል። ዘልዬ ሳርፍ ምቱ እስከ ትከሻዬ ይሰማኛል።

አንድ ሰው ያገለገሉ፣ ለብቻው የጋዝ ጣሳ ያላቸው የፊት ሾኮች እየሸጠ ነው። ዋጋቸው ከአዲሱ ግማሽ በታች ነው። ሄጄ አየኋቸው። የአንዱ ዘንግ ዘይት አዝሏል፤ አቧራ ተለጥፎበት ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ሥር ጥቁር ቀለበት ሠርቷል። ጥፍሬን ዘንጉ ላይ ሳስኬደው ግን የሚይዝ ጭረት የለም። ጎሚኒና ዘይት ተቀይሮ፣ ናይትሮጅን ቢሞላ የሚድን ይመስለኛል።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። ሻጩ የገጠማቸው ከፋብሪካው በረዘሙ የፊት ክንዶች (ጎማውን ከሻሲው የሚያያይዙት) ላይ ነበር። የእኔ የፋብሪካው ነው። ከቡሎን ቀዳዳ እስከ ቡሎን ቀዳዳ ለክቼ ከእኔ ጋር እኩል ከሆነ ይበቃል? ወይስ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ ያለው ርዝመትም መታየት አለበት?

ሞላውም አለ። ሻጩ 110 ኪሎ ነው፣ እኔ 70። የሞላውን መወጠሪያ ቀለበት ማላላት ከፍታውን እንጂ የሞላውን ጥንካሬ አይለውጥም። ታዲያ ሞላውን ብቻ ልቀይር ወይስ የዘይቱን ፍሰት የሚቆጣጠረው የውስጡ ቫልቭም ለእኔ ክብደት ይስተካከል?

ቬጋስ አካባቢ ሾክ ፈትቶ የሚሠራ፣ ናይትሮጅን የሚሞላ ባለሙያ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ራሴ አልፈታውም፤ ግፊቱ ሳይለቀቅ የተነካ ሾክ ሰው ይጎዳል። ሻጩ እስከ ቅዳሜ ይጠብቀኛል።