ጥቆማ፦ ተመልካች የሚይዝ ስክሪፕት ለመጻፍ ገንዘባችሁን ምን ላይ ታውላላችሁ?

በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ያው ነው። «የፊልም ስክሪፕት መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ የቱን ሶፍትዌር ልግዛ? የትስ ልማር?» እዚሁ ልመልሰው። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር። ለሶፍትዌር ትንሽ፣ ለሥልጠና በልኩ፣ ለንባብ ደግሞ የቻላችሁትን ያህል አውጡ። ንባብ ስል ተዋንያን ስክሪፕታችሁን ጮክ ብለው ሲያነቡት ቁጭ ብሎ መስማት ማለቴ ነው። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ።

ከሶፍትዌሩ እንጀምር። ፋይናል ድራፍት የሚባለው የስክሪፕት መጻፊያ አሜሪካ ውስጥ የሙያው መለኪያ ነው። ዋጋው 200 ዶላር አካባቢና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ ይሄ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ላዩ ላይ ደግሞ የዶላር ካርድ ያለው ዘመድ መለመን አለ። ሶፍትዌሩ ከ11ኛው ቨርዥን ጀምሮ የግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ጥሩ ነው ወይ? ጥሩ ነው። እዚህ አገር ያለ ፕሮዲውሰር በዚህ ካልጻፍክ ይላል ወይ? እኔን ያለኝ የለም። «ፒዲኤፍ ላክልኝ» ነው የሚሉት፤ አንዳንዱማ አትመህ ይዘህ ና ይላል።

ፌድ ኢን አንዴ ተከፍሎበት የሚቀር ነው፤ ዋጋውም ከፋይናል ድራፍት በጣም ይቀንሳል። ራይተርዱዌት በብሮውዘር ይሠራል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ስክሪፕቶች ነፃ ናቸው። አንዱ አዲስ አበባ ሌላው ዱባይ ሆነው አብረው ለሚጽፉ ሰዎች ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ሴልቲክስ ድሮ ኮምፒውተር ላይ በነፃ የሚጫን ነበር፤ አሁን በየወሩ ያስከፍላል። ትሬልቢ ነፃና ቀላል ነው፤ የቆየው ቨርዥን ግን አማርኛ አይገባውም። ምንም መክፈል ካልፈለጋችሁ ወርድ ወይም ጉግል ዶክስ ይበቃል። የገጸ ባሕርይ ስም፣ ንግግር፣ ድርጊት የሚሉትን ስታይሎች አንድ ቀን ተቀምጣችሁ ካዘጋጃችሁ አለቀ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በፓወር ግዕዝ ዓይነት አሮጌ ፊደል (ፎንት) አትጻፉ። ፋይሉ ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይላል። ኖቶ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ነፃ ናቸው፤ ሁለቱም ዩኒኮድ ናቸው፤ ማለትም ሌላ ኮምፒውተር ላይም ጽሑፉ ሳይዘበራረቅ ይነበባል።

ሌላው ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣው «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚል ስሌት ነው። ይሄ ስሌት የተሠራው ለእንግሊዝኛና ኩሪየር ለሚባለው ፎንት ነው፤ ኩሪየር ውስጥ ሁሉም ሆሄ እኩል ቦታ ይይዛል። የግዕዝ ፊደል ግን እዚያ ውስጥ ስለሌለ ኮምፒውተሩ በራሱ ጊዜ ኒያላ ወይም ኤብሪማ የሚባለውን ሌላ ፎንት ይተካል። በዚያ ላይ አንድ ሆሄያችን ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ይሸከማል፤ ያው ገጽ ላይ ብዙ ንግግር ይገባል። 90 ገጽ ጽፎ የ90 ደቂቃ ፊልም አለኝ የሚል ሰው ቀረጻ ላይ ይደነግጣል። ርዝመቱን የሚነግራችሁ ሰዓት ይዞ ማንበብ ብቻ ነው። ለንባብ ገንዘብ አውጡ የምልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ ዋናው ግን ይቀራል።

ሥልጠናውን ቶሎ ልለፈው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት አለው፤ በፊልም ደግሞ ማስተርስ ይሰጣል። ጊዜ ላለው ሰው ከሁሉም የጠነከረ መሠረት ያለው እዚያ ነው። ሥራ ይዞ ለሚጽፍ ግን ይከብዳል። የጎተ ኢንስቲትዩትና አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ አልፎ አልፎ የፊልም ማሳያና ዎርክሾፕ ያዘጋጃሉ፤ ማስታወቂያቸውን ተከታተሉ። የግል ማሠልጠኛ ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። ስክሪፕት ራሱን የቻለ ኮርስ ነው ወይስ የካሜራው ኮርስ ጥግ? አስተማሪው የጻፋችሁትን ወስዶ ያነባል? ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው አለ? እኔ የተመዘገብኩበት አንዱ ቦታ ስክሪፕቱን ለስሙ ያህል ነካ አድርጎ ወደ ሌንስና መብራት ሄደ። ሰርተፍኬቱ ያምራል፤ የጻፍኩትን ግን እዚያ ማንም አላነበበውም።

አሁን ወደ ንባቡ። አምስት ስድስት ሰው ቤታችሁ ጥሩ። ግማሹ ማንበብና መተወን የሚችል ይሁን። የቴአትር ተማሪዎች ደስ ብሏቸው ይመጣሉ፤ ትራንስፖርትና ምሳ ቻሉ። ከተረፋችሁም እጃቸው ላይ ጣል አድርጉ፤ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ከፊልም ጋር ምንም የማይገናኝ ሰው ይሁን፤ ጎረቤት፣ አክስት፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ። እናንተ አታንቡ፣ አታብራሩም። «እዚህ ጋ እኮ ሙዚቃ ይገባል» ማለት ክልክል ነው። ድምፁን በስልክ ቅዱና ዓይናችሁን ሰዎቹ ላይ አድርጉ። አንዱ ስልኩን ሲያነሳ በገጹ ጥግ ላይ ምልክት። ሌላዋ ስታዛጋ ምልክት። ምልክት የተከመረበት ገጽ ላይ ተመልካች አጥታችኋል።

ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚከመረው የት መሰላችሁ? ሰላምታ ላይ። በእኛ ስክሪፕት በር ይንኳኳል፣ ዘበኛ ይከፍታል፣ መኪና ይገባል፣ «እንዴት ነሽ፣ ልጆቹስ፣ ኧረ ቁጭ በይ» ይባላል፣ ቡና ይቀርባል። ጉዳዩ የሚመጣው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። በኑሮ ጨዋነት ነው፤ ሲኒማ ቤት ግን ተመልካቹ ምን እንደሚጠብቅ እንኳ ሳያውቅ ይጠብቃል። ቁረጡት ብቻ ማለቴ አይደለም። እንግዳዋ የመጣችው የቤቱን ካርታ ልትሰርቅ እንደሆነ አንድ ሲን ቀደም ብለን ብናውቅስ? ያው ሰላምታ፣ ያው ቡና፣ ቃሉ ሳይቀየር ጆሯችንን ያስቆማል። «ልጆቹስ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ያስፈራል። የተቀየረው መረጃው የተሰጠበት ቦታ ብቻ ነው። ተመልካች ስለመያዝ ከተማርኩት ሁሉ ብዙ የሠራልኝ ይሄ ነው፤ ያየሁትም ሰው ሲያዛጋ ነው።

ሌላው ስልክ ነው። ግማሹ ታሪክ በስልክ የሚነገርበት ስክሪፕት እዚህ አገር ብዙ ነው። ለቀረጻ ይረክሳል፤ ገባኝ። በንባብ ጊዜ ግን ያስታውቃል። አንዱ ተዋናይ ብቻውን «እሺ… እሺ… ምን አልክ?» ሲል ሌሎቹ ጣሪያ ያያሉ። ዜናው በስልክ መምጣት ካለበት፣ ሰውየው ዜናውን ሊደብቅበት የሚገባ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።

ሳቁንም አስተውሉ። ንባቡን የሚሰማው ሰው የሚስቀው ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ሲናገሩ ብቻ ከሆነ ዋናዎቹ ፍቅረኞች ደርቀዋል ማለት ነው። ሌላ ቀልድ አትጨምሩ። ለዘበኛው ማንም የማያውቀውን ምስጢር ስጡት፤ ቀልዱም ታሪኩም አንድ ላይ ይሄዳል። በሰባኛው ደቂቃ ከአሜሪካ መጥቶ ሁሉን ነገር የሚፈታውን አጎትም እባካችሁ መጀመሪያ ላይ አስተዋውቁን። ወይም አታምጡት።

ከንባብ ቀጥሎ የምጠቁመው ነፃ ነው፤ ዩቲዩብ። አጭር ፊልም ወይም አንድ ሲን በስልክ ቀርጻችሁ ጫኑ። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካች በየትኛው ሰከንድ እንደወጣ የሚያሳይ ግራፍ አለ። ይሉኝታ አያውቅም። ጓደኛ «አሪፍ ነው» ሲላችሁ መስመሩ ወደ ታች ሲወርድ ታያላችሁ። ጉድለቱ ለምን እንደወጡ አለመናገሩ ነው። ለምን የሚለውን ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠችው አክስታችሁ ትነግራችኋለች፤ ስለዚህ ሁለቱን አብራችሁ ተጠቀሙ።

ለትኬት የሚሆን ብር ካላችሁ ደግሞ ብሔራዊ ቴአትር ግቡ። አንድ ቴአትር በሳምንቱ በአንድ ቀን ለወራት ይታያል፤ ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ሁለቴ ግቡ። ሁለተኛ ጊዜ ዳር ተቀምጣችሁ መድረኩን ትታችሁ ሕዝቡን እዩ። አዳራሹ ያለፈው ሳምንት በሳቀበት ቦታ ዛሬ ዝም ካለ፣ ተዋናዩ ምን እንደቀየረ ያዙ። ፊልም ላይ ይሄ አይገኝም፤ ፊልሙ ሁሌም ያው ነው።

ኤአይስ (ሰው ሠራሽ አስተውሎትስ) ላላችሁኝ፦ ሲኖችን ለመዘርዘር ይረዳል። የአማርኛ ንግግር ሲጽፍ ግን ሁሉም ሰው ዜና አንባቢ ይሆናል። ደላላውም፣ እማሆይም፣ የታክሲ ረዳቱም እኩል ይናገራሉ።

«ሐሳቤን ቢሰርቁኝስ?» የሚል ፍርሃት ስላለ እሱንም ልበል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃ የሚያገኘው የጻፋችሁት ሥራ ነው፤ ሐሳቡ ብቻውን አይጠበቅም። መብቱ ያለ ምዝገባም አለ። ግን አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ ማስመዝገብ ክርክር ቢመጣ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ ካፌ ውስጥ ሐሳብ ከማውራት በፊት ጽፋችሁ ጨርሱ፣ አስመዝግቡ፣ ከዚያ ላኩ።

ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ አንድ ቦታ አለኝ። የፊልም ዳይሬክተሩ የኃይሌ ገሪማ ፊልም «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ወስዷል። እሱና ባለቤቱ የከፈቱት ሳንኮፋ የተባለ የመጻሕፍትና የፊልም ቤት ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት አለ። ቡና ጠጡ፣ መጽሐፍ አገላብጡ፣ የፊልም ፕሮግራም መቼ እንዳለም ጠይቁ።

ከአዲስ አበባ ውጪ፣ ባሕር ዳርም ሐዋሳም ይሁን፣ የሚሰበሰብ የንባብ ቡድን የምታውቁ ከታች ጻፉልኝ። የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው፤ የምጠቁመው ግን የለኝም።