ማንቆርቆሪያን ለጆሮ፣ ለእጅና ለአፍንጫ መንደፍ፤ ከምን ልጀምር?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምርት ዲዛይን ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ተራውን የውኃ ማፍያ ማንቆርቆሪያ በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮ፣ በእጅና በአፍንጫም እንዲታወቅ አድርጌ እንደገና ልነድፈው አስቤአለሁ። እስካሁን የሠራኋቸው ንድፎች ቀለሙ የሚለዋወጥ መብራት፣ ዜማና መዓዛ አላቸው፤ ሆኖም ሁሉም ከላይ የተለጠፉ ጌጦች መስለው ስለታዩኝ ምክራችሁን እሻለሁ።

ምላሽ 1፦
ጌጥ የመሰሉት ማንቆርቆሪያው ራሱ የሚያሰማውን ሳያዳምጡ ሌላ ድምፅ ስለጨመሩበት ይመስለኛል። ውኃው ሲሞቅ ከታች የሚፈጠሩት የእንፋሎት አረፋዎች ወደ ላይ ሲወጡ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ አግኝቷቸው ስለሚከስሙ ጩኸቱ ይበረታል፤ ውኃው በሙሉ ለመፍላት ሲቃረብ ግን ሳይከስሙ እስከ ላይ ስለሚደርሱ ጩኸቱ ዝቅ ይልና ለስለስ ያለ መንተክተክ ይከተላል። ይህን ለውጥ የሚያፍን ሳይሆን የሚያጎላ አካል ይንደፉለት።

ድምፅ መጨመር የግድ ከሆነ ሪቻርድ ሳፐር እ.ኤ.አ. በ1983 ለአሌሲ፣ ለጣሊያኑ የቤት ዕቃ አምራች ኩባንያ፣ የነደፈውን ማንቆርቆሪያ ይመልከቱ። እንፋሎቱ የሚነፋቸው ሁለት የናስ ቧንቧዎች «ሚ» እና «ሲ» የተባሉትን ኖታዎች ያሰማሉ፤ ሐሳቡ የመነጨውም በራይን ወንዝ ከሚመላለሱ ጀልባዎች ድምፅ ነው። ዜማውን የሚያወጣው የፈላው ውኃ ራሱ ስለሆነ ተለጣፊ አይመስልም። ማይክል ግሬቭስ እ.ኤ.አ. በ1985 ለዚያው ኩባንያ በሠራው ላይ የምታፏጨው አፉ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ወፍ ናት፤ ለእኔ ግን የሳፐር ይበልጥብኛል።

ምላሽ 2፦
እኔ ዓይነ ሥውር ስለሆንኩ ጉዳዩ የየዕለት ጉዳዬ ነው። ማንቆርቆሪያውን ሳነሣ ክብደቱ ምን ያህል ውኃ እንደቀረ ይነግረኛል። ስቀዳ ደግሞ በኩባያው ውስጥ ያለው የአየር ክፍተት እያጠረ ሲሄድ ድምፁ እየቀጠነ ስለሚመጣ የት ላይ ማቆም እንዳለብኝ የማውቀው በእርሱ ነው። የማንቆርቆሪያው አፍ ውኃውን አንድ ወጥ አድርጎ ካላወረደው ግን ይህ ድምፅ ይደበላለቅብኛል፤ ስለዚህ እባክዎ ከመዓዛው በፊት ስለ አፉ ይጨነቁ። እንፋሎቱም ወደ እጀታው እንዳይወጣ ያድርጉ፤ አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ጣቶቼ ተቃጥለዋል።

ምላሽ 3፦
መዓዛውን ቢተዉት ይሻላል፤ ንጹሕ ውኃ ሽታ ስለሌለው ማንቆርቆሪያው የሚጨምርበት ሁሉ በሚጠጣው ላይ ይቀራል። ይልቅ እጀታውን ያስቡበት፦ እንጨትና ብረት በአንድ ክፍል ውስጥ እኩል ሙቀት ኖሯቸው ሳለ ብረቱ የእጅን ሙቀት ፈጥኖ ስለሚወስድ የሚቀዘቅዘን እርሱ ነው፤ የፈላ ውኃን ሙቀትም ወደ መዳፍ የሚያደርሰው በዚያው ባሕርይው ነው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መብራቱንና መዓዛውን ትቼአቸዋለሁ። በዚህ ሳምንት ሦስት ዓይነት አፍ ሠርቼ ዓይኔን ጨፍኜ በቀዝቃዛ ውኃ እሞክራቸዋለሁ። ሁለተኛውን ምላሽ የሰጡኝ፣ የሦስቱን የተቀረጸ ድምፅ ብልክልዎ የኩባያው መሙላት የትኛው ላይ ጎልቶ እንደሚሰማ ይነግሩኝ ይሆን?