የዶቃ አምባሬ ጠርዝ እየላላ አስቸገረኝ

ሰበታ ተቀምጬ የዶቃ አምባር እሠራለሁ። ዶቃው ከመርካቶ የሚመጣ፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የመስታወት ዶቃ ነው፤ ክሩ ቀጭን ናይለን። አሠራሬ ጠፍጣፋ ነው፤ እያንዳንዱ ዶቃ ከበታቹ ባለው ረድፍ በሁለት ዶቃዎች መካከል ይገባል፣ እንደ ጡብ ግንብ።

መሐሉ ጥብቅ ብሎ ይቆያል። ችግሩ ጠርዙ ላይ ነው። ረድፉን ጨርሼ ስዞር ክሩን እስበዋለሁ፣ ዶቃውም ቦታውን ይይዛል፤ የሚቀጥለውን ዶቃ ለማንሳት እጄን ሳላላ ግን ክሩ ወደ ኋላ ይሸሻል። አምባሩ ካለቀ በኋላ በጠርዙ ዶቃዎች መካከል ክሩ ይታያል። ውኃ ሲነካው ደግሞ ይብሳል፤ ናይለን እርጥበት ሲጠጣ ይረዝማልና።

ክሩን ከመጀመሬ በፊት በእጄ ወጥሬ ሳብኩት፤ ለውጥ አለው፣ ግን አይበቃም። የንብ ሰም ቀባሁት። ክሩ ዶቃው ውስጥ ያዝ ማለቱ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ነጭና ቢጫ ዶቃዎች ላይ አቧራ እየያዘ አቆሸሸብኝ፣ የእኛ ሰፈር አቧራ ደግሞ ቀላል አይደለም። ክሩን ደርቤ ስሞክር ቀዳዳው ሞልቶ መርፌው አላልፍ አለ፤ ገፋ ሳደርገው ዶቃው ተሰነጠቀ። የተገመደ የዓሣ ማጥመጃ ክር አይለጠጥም፤ አምባሩን ግን ስላደረቀብኝ ተውኩት፣ ክንድ ላይ ለስለስ ብሎ መታጠፍ አለበት።

ስለዚህ በናይለን የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ ረድፉን ስታዞሩ ክሩ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ጠርዙ ላይ በምን ትይዙታላችሁ?