ዶርም ወይስ የውጭ ኪራይ፦ በፋይናንሻል ኤድ ለምትማር ልጅ የቱ ይረክሳል?

የተማሪ አባት፦
ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ በመጪው ኦገስት ሁለተኛ ዓመቷን ትጀምራለች። ሙሉውን ፔል ግራንት (የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሚሰጠውን የማይመለስ ድጋፍ)፣ ማለትም 7,395 ዶላር ታገኛለች፤ ቀሪውን ትምህርት ቤቱ የሚሰጣት ግራንትና የፌዴራል ብድር ይሸፍኑታል። ዶርም ብትቆይ መኝታው 7,200፣ ሚል ፕላኑ (የግቢው የምግብ ክፍያ) 5,000፣ በድምሩ 12,200 ዶላር ነው። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከግቢ ውጭ አፓርታማ ብትከራይ ግን ድርሻዋ በወር 720፣ በዓመት 8,640 ዶላር ይሆናል። በእኔ ስሌት ከ3,500 ዶላር በላይ ይተርፈናል፤ ይሁን እንጂ ሊዙን (የኪራይ ውሉን) ከመፈረማችን በፊት የዘነጋሁት ነገር ካለ ብታስረዱኝ፣ በተለይም ከዶርም በመውጣቷ ድጋፉ ይቀንስባት እንደሆነ ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

ከዶርም የወጣሁ፦
ወንድሜ፣ ያነጻጸሩት ምግብ ያለበትን ዋጋ ምግብ ከሌለበት ጋር ነው። በኪራዩ ላይ ለመብራትና ለኢንተርኔት በወር 60 ዶላር ቢጨምሩ 9,360 ይደርሳል፤ ቆጥባ በወር በ300 ዶላር ብትመገብ ደግሞ የዘጠኝ ወሩ ምግብ 2,700 ነውና ድምሩ 12,060 ዶላር ይሆናል። የቀረው ልዩነት 140 ዶላር ነው፤ እሱም አንድ ፍራሽ ሲገዛ ያልቃል።

ዶርም የሚከፈለው ለዘጠኝ ወር ገደማ ሲሆን ሊዙ ግን የአሥራ ሁለት ወር ነው። ልጅዎ በሰመር ወደ ቤት የምትመለስ ከሆነ ለባዶ ክፍል ትከፍላለች ማለት ነው፤ እዚያው ቆይታ የምትሠራ ወይም የምትማር ከሆነ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል፣ ምክንያቱም በሰመር ዶርም ለመቆየት ብዙውን ጊዜ ሌላ ክፍያ አለው። ስለዚህ በመጀመሪያ ሰመሩን የት እንደምታሳልፍ ይጠይቋት።

እኔን የጎዳኝ የገንዘቡ መምጫ ቀን ነበር። ዶርም ሳለሁ ትምህርት ቤቱ ክፍያውን በቀጥታ ከሂሳቤ ላይ ስለሚቀንስ ነገሩን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ውጭ ስከራይ ግን ድጋፉ አስቀድሞ የትምህርት ክፍያውን ይዘጋና የተረፈው በሪፈንድ ይመጣል። የፌዴራሉ ገንዘብ ትምህርት ከመጀመሩ ከ10 ቀን በፊት ቀድሞ አይገባም፤ ከገባም በኋላ ትርፉን ለተማሪው ለማስተላለፍ ትምህርት ቤቱ እስከ 14 ቀን አለው። አከራዬ ኦገስት 1 ቀን ቁልፉን ያስረከበኝ የአንድ ወር ኪራይና ዲፖዚት ተቀብሎ ነው፤ ሪፈንዱ እጄ የገባው ሴፕቴምበር 11 ሲሆን በመሀሉ የሴፕቴምበር ኪራይ ደረሰ፣ እሱንም የከፈልኩት ከአክስቴ ተበድሬ ነው። በእርስዎ ቁጥር ሲታይ፣ ዲፖዚቱ የአንድ ወር ኪራይ ያህል ከሆነ፣ ሪፈንዱ ከመድረሱ በፊት ለሁለት ወር ኪራይና ለዲፖዚቱ 2,160 ዶላር በእጅ መገኘት አለበት።

በኮሌጅ ቢሮ የምሠራ፦
ስለ ድጋፉ ላስረዳ። ትምህርት ቤቶች ለተማሪው የዓመት ወጪ ግምት ያወጣሉ፤ ግምቱ በዶርም ለሚኖር፣ ውጭ ለሚከራይና ከወላጅ ጋር ለሚኖር የተለያየ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ዝቅተኛው የመጨረሻው ነው። ፔል ግራንቱ ከዶርም በመውጣቷ ብቻ አይነካም። የትምህርት ቤቱ የራሱ ግራንት ግን በአንዳንድ ቦታ በግቢ ለሚኖሩ ብቻ የሚሰጥ ክፍል ስላለው ይህን በኢሜይል ጠይቃ መልሱን በጽሑፍ ትያዝ። ከ2024–25 ወዲህ ፋፍሳ (የፌዴራል ድጋፍ ማመልከቻው ቅጽ) ተማሪው የት እንደሚኖር የሚጠይቀውን ጥያቄ ስላስቀረ ለውጡን ለትምህርት ቤቱ ማሳወቅ የእሷ ድርሻ ነው።

ኪራዩ ከግምቱ ቢበልጥ ሊዙን አቅርባ ግምቱ እንዲስተካከል መጠየቅ ትችላለች፤ ሆኖም የሚከፈትላት አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ብድር እንጂ ግራንት አይደለም፣ በወላጅ ሥር ላለ የሁለተኛ ዓመት ተማሪም የፌዴራል ቀጥተኛ ብድር ጣሪያው 6,500 ዶላር ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያስታውሰው ነገር፣ ከምግቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን በሚል ፕላን የሚያገኝ ተማሪ ስናፕ (የመንግሥት የምግብ እርዳታ) አይፈቀድለትም፤ ውጭ የሚኖርና በፌዴራል ዎርክ ስተዲ (የተማሪ ድጋፍ አካል በሆነው የሥራ ፕሮግራም) የሚሠራ ግን የገቢ መስፈርቱን ካሟላ ሊያገኝ ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሊዙን በደንብ ያንብቡት። ሦስቱም በአንድ ሊዝ ከፈረሙ አንዷ በጃንዋሪ ጥላ ብትሄድ የሦስቱ ሙሉ የወር ኪራይ 2,160 ዶላር ከሁለቱ ይጠየቃል፤ እርስዎም ዋስ ሆነው ከፈረሙ ወደ እርስዎ ይመጣል። በየመኝታ ክፍሉ ለየብቻ የሚያፈራርም ሕንፃ ካለ ትንሽ ቢወደድም እሱን እመርጣለሁ።

የተማሪ አባት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ልጄ ቢሮውን ጠይቃ፣ ከግቢ ከወጣች ከግራንቷ 1,500 ዶላር እንደሚቀነስ በጽሑፍ መልሰውላታል። ሰመሩንም እኛ ጋ ነው የምታሳልፈው። ሊዙን ትተነዋል፤ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ትንሹን ሚል ፕላን መምረጥ ስለሚፈቀድለት በእሱ 1,100 ዶላር እናስቀራለን።