እናቶቹ ትምህርቱን በቃላቸው ያውቁታል፣ ቤት ውስጥ ግን አይሠሩበትም። የት ጋ ነው የተሳሳትነው?

ጤና አስተማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የእናቶችና ሕፃናት ጤና ትምህርት መስጠት ከጀመርኩ ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው። በየሳምንቱ ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃን የታቀፉ እናቶችን ሰብስበን ስለ ቅድመ ወሊድ ክትትል፣ ስለ ጡት ማጥባት፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ክትባት እናስተምራለን። ስጠይቃቸው አይስቱም። "ሕፃን እስከ ስንት ወሩ ጡት ብቻ ይጠባል?" ስል "እስከ ስድስት!" ይሉኛል፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ባለፈው ሳምንት ከጎበዞቹ አንዷን ልጠይቅ ቤቷ ሄድኩ። የ11 ወር ልጇን ተቅማጥ ይዞታል። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ዱቄት) ወስዳለች፣ ደስ አለኝ። ከዚያ እያየኋት ፓኬቱን በጥርሷ ቀደደችና ዱቄቱን እንዳለ አንድ የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ገልብጣ በማንኪያ አማሰለችው። የአንድ ሊትር ዱቄት እኮ ነው! እጇን ያዝኳትና "በስንት ውሃ ነው የሚበጠበጠው?" አልኳት። "በአንድ ሊትር" አለችኝ፣ ምንም ሳታመነታ። ቤቱን ዞር ዞር ብዬ ሳይ ሊትር የሚለካ አንድም ዕቃ የለም። እኔም አንድ ቀን በዓይኗ አሳይቻት አላውቅም፣ በአፌ ብቻ ነው የነገርኳት።

ሌላዋ ደግሞ በወለደች ዕለት እንገሩን አልባ ደፋችው። "አማቴ አይጠቅምም አለችኝ፣ ምን ላድርግ?" ነው መልሷ። እሷም ስለ እንገር የተማረች ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልቤ አላረፈም። ሥራችን በእውነት ሕይወት እያተረፈ ነው? በዚህ የሠራችሁ ሰዎች ምን ቀየራችሁ?

አዋላጅ ነርስ፦

እህቴ አይዞሽ፣ እኔንም ገጥሞኛል። ከቀላሉ ልጀምር። በሚቀጥለው ጊዜ እናቶቹ ቤታቸው ውሃ የሚያስቀምጡበትን ዕቃ ይዘው ይምጡ። አንቺ ልኩ አንድ ሊትር የሆነ ጠርሙስ ያዢ። እያንዳንዷ ራሷ ከጠርሙሱ ወደ ዕቃዋ ትገልብጥና ውሃው የደረሰበት ላይ ትጫርበት። በቃ፣ ከዚያ በኋላ "ሊትር" የሚለውን ቃል ብትረሳውም ጭረቱ አይጠፋባትም።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስልሽ። የወፈረ ውህድ የሕፃኑ ደም ውስጥ ያለውን ጨው ከፍ ያደርገዋል፣ ተቅማጡንም ሊያባብሰው ይችላል። ፓኬት በማይገኝበት ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፣ ማንኪያው ሳይከመር። ይህንንም በእጃቸው ይሥሩት። ከኦአርኤሱ ጋር የሚሰጠውን የዚንክ ኪኒን ደግሞ ብዙ እናት ተቅማጡ ሲቆም ታቆመዋለች። ዕድሜው ከ6 ወር በላይ ለሆነ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን ሳይቋረጥ ነው የሚሰጠው። ለምን እንደሆነም ንገሪያቸው፦ በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ወራት ተቅማጡ ተመልሶ የመያዝ ዕድሉን ስለሚቀንስ ነው። ምክንያቱን ያወቀች እናት ትጨርሰዋለች።

አንድ ነገር ልጨምር። "ገባችሁ?" ብለሽ አትጠይቂ። ሰው ፊት አልገባኝም የሚል የለም። "እስቲ ቤት ስትደርሺ እንዴት እንደምትሠሪው አሳዪኝ" በያት።

የፕሮግራም ሠራተኛ፦

አዋላጇ ያለችው ትክክል ነው፣ ግን እጅም ከተማረ በኋላ የማይጠቀሙ አሉ። ባንግላዲሽ ውስጥ የሆነውን ልንገርሽ። ብራክ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ሴት ሠራተኞቹን ቤት ለቤት እየላከ ከ12 ሚሊዮን በላይ እናቶችን የተቅማጥ ውህድ አሠራር አስተምሯል። ጨው በሦስት ጣት ቁንጥር፣ ያልተጣራ ስኳር በእፍኝ። መለኪያው የእናቲቱ የገዛ እጇ ነው። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ሰው ሄዶ ከእናቶቹ የተወሰኑትን ይጠይቃል፣ ሠርተሽ አሳዪኝ ይላል። የአስተማሪዋ ክፍያ እናቶቹ ባስታወሱት ልክ ነበር፣ ይህንን አስቢው፣ ስንት ሰው ሰበሰበች ተብሎ አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ታዲያ ያጋጠማቸው ያንቺው ችግር ነው። እናቶቹ አወቁት፣ ልጅ ሲታመም ግን ብዙዎቹ አልተጠቀሙበትም። ለምን ብለው ሲመረምሩ ከራሳቸው ሠራተኞች ውስጥ የማያምኑበት ብዙ ሆነው ተገኙ፣ ተቅማጥ ሲይዛቸው ኪኒን ነበር የሚውጡት። ስለዚህ ሠራተኞቹን ዳካ ወዳለው የኮሌራ ምርምር ማዕከል ወስደው ውህዱ በሽተኛ ሲያነሳ በዓይናቸው እንዲያዩ አደረጉ። መጀመሪያ የተተዉትን ወንዶችም ማነጋገር ጀመሩ። አንቺም ባልደረቦችሽን ጠይቂያቸው፣ የራሳቸው ልጅ ሲታመም ምን ይሰጡታል?

ከሴቶች ቡድን ጋር የምሠራ፦

እኔ ደግሞ ትምህርት የሚለውን ነገር ራሱን ብንቀይረው እላለሁ። ኔፓል ማክዋንፑር በሚባል ወረዳ ውስጥ በሴቶች ቡድኖች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት አለ። አወያይዋ የጤና ባለሙያ አልነበረችም፣ የዚያው አካባቢ ሴት ናት። ሴቶቹ በየወሩ ይሰበሰባሉ። ሥዕል ያለበት ካርድ ይዘው ያወራሉ። የትኛው ችግር እኛን ይበልጥ ይጎዳናል ብለው ራሳቸው ይመርጣሉ፣ መፍትሔውንም ራሳቸው ይሞክራሉ። አንዳንዶቹ ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ አዋጡ፣ አንዳንዶቹ ወላድ የሚሸከሙበት ቃሬዛ አዘጋጁ። ቡድኖቹ ባሉበት አካባቢ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት 26 ገደማ ሲሆኑ ቡድን በሌለበት 37 ገደማ ነበሩ። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም ቆሞ "እንዲህ አድርጉ" አላላቸውም እኮ።

ግን ቁጥሩም ወሳኝ ነው። ባንግላዲሽ ላይ መጀመሪያ ሲሞከር ለ1,400 ሰው ገደማ አንድ ቡድን ነበር፣ ምንም ለውጥ አልታየም። በኋላ ለ300 ሰው ገደማ አንድ ቡድን ሲሆን የጨቅላ ሕፃናት ሞት በ38 በመቶ ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ይህ አሠራር እንዲስፋፋ መክሯል። ስለዚህ ከነፍሰ ጡሮቹ ስንቶቹ ናቸው ወደናንተ የሚመጡት? የማይመጡትስ እነማን ናቸው?

የሁለት ልጆች እናት፦

እንደ ባለሙያ አይደለም የምጽፈው፣ እንደተማረች እናት ነው። ሁለተኛዬን እርጉዝ ሆኜ ደም ሲፈሰኝ የአደጋ ምልክት መሆኑን አውቄያለሁ፣ ገና የመጀመሪያው ጠብታ ላይ። ተምሬዋለሁ። ግን ብሩ ባለቤቴ እጅ ነበር፣ እሱም ሥራ ላይ። እስኪመጣ ድረስ አልጋ ላይ ተጋድሜ ጣሪያውን እያየሁ ምልክቶቹን አንድ በአንድ በልቤ እቆጥር ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈናል። ከኔ ይልቅ እሱ ተምሮ ቢሆን ግን ያን ያህል ባልዘገየን።

ስለዚህ እባክሽ፣ አማትየዋን አትውቀሻት፣ ጥሪያት። ባሏንም ጥሪው። አማት ልጅ አሳድጋለች፣ የምታውቀውን ነው የተናገረችው። አክብረሽ ካስቀመጥሻት "እንገሩን አጥቢው" የምትለው እሷው ትሆናለች።

የፕሮግራም ሠራተኛ፦

በጣም ልክ ነሽ። ሴኔጋል ውስጥ አያቶችን ያሳተፈ የአመጋገብ ትምህርት ተሞክሮ አያቶቹ ምክራቸውን ቀይረዋል፣ እናቶቹም የተሻለ ተግብረዋል። በዕድሜ የበሰሉ ናቸው አይቀየሩም የሚባለው ስህተት ነው።

ጤና አስተማሪዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሁለት ልጆች እናት፣ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ እንኳን ተረፋችሁ።

ዛሬ ጠዋት ብርጭቆ ውስጥ የበጠበጠችው እናት ቤት ተመልሼ ሄድኩ። ጠርሙስ ይዤ ነበር። ውሃ የምታስቀምጥበት ማሰሮ ላይ በከሰል ጫረችበት፣ አማቷም አጠገባችን ቁጭ ብላ ታይ ነበር። ልወጣ ስል አማትየዋ "ለጎረቤትሽም አሳዪያት፣ የሷም ልጅ ታሟል" ብላ ምራቷን ላከቻት። ሐሙስ ለሚሰበሰቡት ሁሉ ዕቃችሁን ይዛችሁ፣ አማታችሁንም አስከትላችሁ ኑ ብያለሁ። የባሎቹን ነገር ግን ገና አላወቅሁበትም። በምን ሰዓት፣ የት ብጠራቸው ይመጣሉ? የሞከራችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።